ኢዮባርድ ቶን ስንቴ ሞቶ ስንቴ ተመለሰ? መላምቶቻችንን በእሱ ሰዓት እንፈትሻቸው

ሁለት ሰዓት (ክሩን የከፈተ)

ማሳሰቢያ፦ «ዘ ፍላሽ» የተባለውን የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ እስከ ሲዝን 9 ያልጨረሰ ሰው ከዚህ ይመለስ፤ ምንም የሚደበቅ ነገር የለም። ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ስለ ሪቨርስ ፍላሽ፣ ማለትም ከወደፊቱ ስለመጣው የፈጣኑ ጀግና የፍላሽ ባላንጣ ስለ ኢዮባርድ ቶን፣ የሚጻፉት መላምቶች አብዛኞቹ የሚወድቁት አንድ ቦታ ላይ ነው። ኢዮባርድን እኛ ባየነው ቅደም ተከተል ይደረድሩታል። እኛ ሲዝን 1ን አይተን ወደ ሲዝን 2 ስላለፍን እሱም እንደዚያው የኖረ ይመስለናል። ጊዜ ተጓዥ ግን የራሱ ሰዓት አለው። በሲዝን 2 ክፍል 11 ብቅ ያለው ኢዮባርድ ሲዝን 1 መጨረሻ ላይ ከጠፋው ኢዮባርድ በዕድሜ ያንሳል፤ ፍላሽ ማለት ባሪ አለን መሆኑን ገና እያወቀ ያለ ሰው ነው። እኛ «ተመለሰ» አልን፤ ለእሱ ግን ታሪኩ ገና መጀመሩ ነበር።

ስለዚህ መላምት ከመጻፋችሁ በፊት ሰንጠረዥ ሥሩ። ሁለት ዓምድ ይበቃል። በግራ ክፍሎቹ የተላለፉበት ተራ፣ በቀኝ የኢዮባርድ የራሱ ዕድሜ። ከዚያ ብቅ ባለ ቁጥር አራት ነገር መዝግቡ፦ ፊቱ የማን እንደሆነ (ማት ሌቸር የሚጫወተው የራሱ ፊት ነው ወይስ ቶም ካቫና የሚጫወተው የሃሪሰን ዌልስ)፣ ፍጥነቱ ሙሉ ነው ወይስ የጎደለ፣ ስለ ባሪ ምን ያህል እንደሚያውቅ፣ በመጨረሻም የዘር አባቱ ኤዲ ቶን ራሱን መግደሉን ያውቅ እንደሆነ። አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ፊት ያታልላል፣ ልብስም ይለወጣል፤ የኤዲን ሞት የሚያውቅ ኢዮባርድ ግን ከሜይ 2015 በኋላ ያለውን ነገር የሆነ መንገድ አግኝቶ አይቷል ወይም ሰምቷል ማለት ነው።

እንዲህ ሲደረደር የመጀመሪያው ግማሽ ያለ ችግር ይወጣል። መጀመሪያ የሲዝን 2 ክፍል 11 ወጣት፤ ባሪ ወደ ጊዜው መልሶ ይሰደዋል። ቀጥሎ ማርች 18 ቀን 2000 ሌሊት፤ የባሪን እናት ኖራ አለንን ይገድላል፣ ፍጥነቱን ያጣል፣ እዚያው ዘመን ላይ ይቀራል። እውነተኛውን ሳይንቲስት ሃሪሰን ዌልስንና ሚስቱን ቴስ ሞርጋንን ይገድላል፣ የዌልስን መልክ ይወስዳል። ዌልስ በራሱ ጊዜ ቢኖር ኖሮ በቤተ ሙከራው በስታር ላብስ ፓርቲክል አክሰለሬተሩን የሚያስነሳው በ2020 ነበር፤ ኢዮባርድ አጣድፎ በዲሴምበር 11 ቀን 2013 እንዲፈነዳ አደረገው፤ ባሪም ፍጥነቱን አገኘ። ከዚያ ሜይ 19 ቀን 2015 የተላለፈው ክፍል 23፦ ኤዲ የራሱን ደረት በጥይት ይመታል፣ ዘሩ የተቋረጠው ኢዮባርድም ዓይናችን እያየ ይበተናል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ከ2015 በኋላ የምናየው ኢዮባርድ ማን ነው? የእኔ መላምት፦ የተበተነው ሰውዬ አይደለም። ባሪ በሲዝን 2 ክፍል 23 ወደ 2000 ተመልሶ ከሳሎኑ አንቆ የወሰደው፣ እናቱን በማትረፉ በተፈጠረው ተለዋጭ ዓለም፣ በፍላሽፖይንት፣ ለሦስት ወር በመጋዘን ውስጥ ያሰረው ነው። እሱ ከታሪኩ ውጭ ተነቅሎ ስለነበር የኤዲ ጥይት አላገኘውም። አፍርሱት።

---

ቢጫ መብረቅ

ግማሹ ይቆማል፣ ግማሹ አይቆምም። የሚቆመውን ልቅደም።

«ሌጀንድስ ኦቭ ቱሞሮው» በተባለው ተጓዳኝ ድራማ ሲዝን 2 ላይ ያለው ኢዮባርድ የራሱን ፊት ነው የለበሰው፤ ፍጥነቱም ሙሉ ነው። ከተነቀለው ሰው ጋር ሁለቱም ይገጥማሉ፤ ዌልስ ሆኖ 15 ዓመት ያሳለፈ ሰው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ፊት ይዞ እናገኘው ነበር። ደግሞም ያለማቋረጥ ይሸሻል። ከታሪክ ያመለጡ ፈጣኖችን የሚያጠፋው ብላክ ፍላሽ እያሳደደው ስለሆነ አንድ ቦታ ረጋ ብሎ መቀመጥ አይችልም። ዴሚየን ዳርክና ማልኮም መርሊን ይህን የደረሱበት በክፍል 10 ነው። ስፒር ኦቭ ዴስቲኒ የተባለው ጦር ፍለጋው ሁሉ፣ እውነታን እንደገና ጽፎ «መኖር የሌለበት» ከመሆን ለመውጣት ነበር። ይህ ማለት ተነቅሎ መውጣቱ ጊዜ ገዛለት እንጂ አላዳነውም። ከታሪክ ውጭ የቆመ ሰው ነጻ አይደለም፣ የሚታደን ነው።

የማይቆመው፦ የተነቀለው ኢዮባርድ ስለ ኤዲ እንዴት አወቀ? በማርች 18 ሌሊት የተያዘ ሰው 2015ን አላየም። አራተኛውን ጥያቄ ራስህ አስቀምጠህ ለራስህ መላምት ሳትጠይቀው አለፍክ፣ ወንድሜ። የሰንጠረዥህ ያ ሳጥን ባዶ ነው።

---

ከበሩ ጀርባ

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ያቺን ሌሊት በትክክል እንቁጠር። ብዙ ክርክር የሚበላሸው ማን ሳሎኑ ውስጥ እንደነበረ ሳይስማሙ በመጀመር ነው።

የመጀመሪያው ንብርብር፦ ሕፃኑ ባሪ፣ እናቱ ኖራ፣ አባቱ ሄንሪ፣ ኢዮባርድ፣ እና ከወደፊቱ እሱን ተከትሎ የመጣው ትልቁ ፍላሽ። ሕፃኑን ከቤቱ 20 ብሎክ ርቆ ያስቀመጠው ይህ ትልቁ ፍላሽ ነው። ለዚህ ማስረጃው ዓይን ብቻ አይደለም። በሲዝን 1 ክፍል 13 መርማሪው ጆና የስታር ላብሱ ሲስኮ ከቤቱ ግድግዳ ያገኙት ደም የጎልማሳው ባሪ ሆኖ ይገኛል። ማለትም የዚያ ሌሊት ውጊያ ከመጀመሪያውም የባሪን መኖር ይዞ ነበር።

ሁለተኛው ንብርብር፦ የሲዝን 1 ክፍል 23 ባሪ። ከበሩ ጀርባ ቆሞ ያያል፤ ትልቁ ፍላሽ በእጁ «አታድርገው» ብሎ ምልክት ይሰጠዋል፤ እሱም ይተወዋል፤ እናቱን ልትሞት ስትል ብቻ ይሰናበታል። ይህ ባሪ እዚያ ለመድረስ ከማክ 2 በላይ መሮጥ ነበረበት፣ ከአክሰለሬተሩ ውስጥ ከሚለቀቅ ፕሮቶንም ጋር መጋጨት። ለመመለስ ያለው ጊዜ 1 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ካለፈ በከተማው ላይ ጥቁር ጉድጓድ ይከፈታል።

ሦስተኛው ንብርብር፦ የሲዝን 2 ክፍል 23 ባሪ። ገብቶ ኢዮባርድን ያንቀዋል፣ እናቱን ያተርፋል። በዚያች ቅጽበት ከበሩ ጀርባ የቆመው የሲዝን 1 ባሪ ሲተን ይታያል። ይህን ትዕይንት ቀስ አድርጋችሁ ተመልከቱት፤ ተከታታዩ ስለ ጊዜ ያለውን ሕግ ከሁሉ በላይ የሚነግረን እሱ ነው። የተለወጠ ታሪክ ውስጥ ቀርቶ የነበረ ሰው ወዲያው ይጠፋል። ለውጡን ያመጣው ራሱ ግን አይጠፋም።

አራተኛው ንብርብር፦ ሲዝን 3 ክፍል 1። ባሪ ኢዮባርድን ፈትቶ መልሶ ያመጣዋል፤ ኢዮባርድ ኖራን ይገድላል፤ ከዚያ ራሱ ባሪን ይዞ ወደ 2016 ይመልሰዋል።

አምስተኛውን ሲዝን 9 ክፍል 10 ይጨምራል፤ ባሪ እንደገና ማርች 18 ቀን 2000 ላይ ይገኛል።

አሁን ጥያቄዬ ይኸው፦ በአራተኛው ንብርብር ገዳዩ ሥራውን ጨርሶ በሙሉ ፍጥነት ከ2000 ወጥቷል። ታዲያ ዌልስን ገድሎ መልኩን የወሰደው፣ ስታር ላብስን የሠራው ማን ነው?

---

ታኪዮን

ከበሩ ጀርባ ያለው ጥያቄ የክሩ እምብርት ነው። እሱን ለመፍታት መጀመሪያ ኢዮባርድ ፍጥነቱን ለምን እንዳጣ መስማማት አለብን፤ ሲዝን 1 ላይ አጥቶ ሲዝን 3 ላይ ለምን እንዳላጣ።

ሲዝን 1 ክፍል 17 ላይ ምክንያቱን ሰው ሠራሽ አእምሮዋ ጊዲየን ትነግረዋለች፦ በሰውነቱ የነበረው ስፒድ ፎርስ (የፈጣኖች ኃይል ምንጭ) ወደ 2000 ባደረገው ጉዞ ተሟጧል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ነገር ግን መሟጠጥ ብቻውን አይበቃም፤ ፈጣን ሰው ሲደክም ያርፍና ያገግማል እንጂ ለ15 ዓመት ሽባ አይሆንም። የጎደለው ምንጩ ነው። ኖራን ገድሎ የባሪን ሕይወት ሲያጣምም ፍላሽ የሚባለውን ሰው ከዘመኑ አወጣ። ፍላሽ በሌለበት ዘመን የእሱን መብረቅ የሚመግብ ነገር አልነበረም። ለዚህ ነው አክሰለሬተሩን አፋጥኖ ባሪን ራሱ የፈጠረው፤ ለዚህ ነው ከመርኩሪ ላብስ የተገኘው የታኪዮን መሣሪያ ያስፈለገው። መሣሪያው ፍጥነቱን ለጊዜው ያረጋጋለታል፤ ምንጩን ግን አይተካለትም።

አሁን ወደ ሲዝን 3 ክፍል 1 እንምጣ። ኖራን ሲገድል አጠገቡ ሙሉ ፍጥነት ያለው ጎልማሳ ፍላሽ ቆሟል። ምንጩ እዚያው ክፍል ውስጥ አለ። ስለዚህ አላጣም። ይህን ካልተቀበልን በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ ግድያ ሁለት የተለያየ ውጤት የወጣበትን ምክንያት ማንም ሊያስረዳ አይችልም።

---

ሁለት ሰዓት

ታኪዮን፣ ይህ ለሁለቱም ጥያቄ መንገድ ይከፍታል። እንዲህ እናስቀምጠው።

ማርች 18 ላይ ቅርንጫፍ ተፈጥሯል። አንደኛው ኢዮባርድ በመጀመሪያው ንብርብር ያለው ነው፤ ፍጥነቱን ያጣል፣ ዌልስ ይሆናል፣ 2015 ላይ ይበተናል። ሁለተኛው በሦስተኛው ንብርብር ተነቅሎ በአራተኛው የተመለሰው ነው። ባሪ ሲመለስ የተስተካከለው ታሪኩ እንጂ ሰውዬው አይደለም። ሲዝን 3 ውስጥ ስታር ላብስ በቦታው አለ፣ አክሰለሬተሩ ፈንድቷል፣ ሁሉም የዌልስን ክህደት ያስታውሳሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከነ ኢዮባርዱ በታሪኩ ውስጥ ከቀረ ብቻ ነው። ሁለተኛው እንግዲህ ትርፍ ሰው ነው፤ ተከታታዩ ታይም ሬምናንት የሚለው ዓይነት፣ ከራሱ ታሪክ የተረፈ ቅሪት።

የቢጫ መብረቅ ባዶ ሳጥንም በዚህ ይሞላል። ትርፉ ኢዮባርድ በሙሉ ፍጥነት 2016 ላይ ነው የወጣው። የኤዲ ሞት ያኔ ያለፈ ነገር ነው፣ መዝገብ ውስጥ አለ። ብላክ ፍላሽ መከተል ሲጀምር ለምን እንደሚታደን መመርመሩ አይቀርም፤ ከጊዲየን ጋር የኖረ ሰው ለዚህ አንድ ከሰዓት አያስፈልገውም። እውቀቱ የሰማው እንጂ የኖረበት አይደለም።

---

ቢጫ መብረቅ

ለሌጀንድስ ይሠራል። ለኋላው አይሠራም።

ኤፕሪል 2017 በተላለፈው የሌጀንድስ ሲዝን 2 መጨረሻ ክፍል ኢዮባርድ ከተለያየ ቅጽበት የራሱን ቅሪቶች ጠርቶ ሠራዊት ያደርጋቸዋል፤ ብላክ ፍላሽ ዋናውን ሲይዘው ግን ሁሉም አብረው ይጠፋሉ። ትርፉ ሰውዬ እዚያ አለቀ። በኖቬምበር 2017 «ክራይሲስ ኦን ኧርዝ ኤክስ» ላይ ግን የዌልስን ፊት ለብሶ፣ ፊቱን ለምዶት፣ ስለ ሲዝን 1 ቡድኑ እንደ ራሱ ትዝታ እያወራ ይመጣል። ሦስተኛ ሰው ልትጨምርልን ነው? መላምት በተጠየቀ ቁጥር አዲስ ኢዮባርድ የሚወልድ ከሆነ ሊፈርስ አይችልም፤ ሊፈርስ የማይችል መላምት ደግሞ ምንም አላስረዳንም።

---

ቀይ ሰማይ

ሁለታችሁም ብላክ ፍላሽን እንደ ግድግዳ ሰዓት ቆጥራችሁታል። እሱም ጊዜ ውስጥ የሚሮጥ ነው፣ እሱም ይሞታል። በሲዝን 3 ክፍል 23 (ሜይ 2017) ኪለር ፍሮስት አቀዝቅዛ ሰባብራዋለች። ከዚያ በኋላ የሚያሳድደው የለም። ከዚህ ቀን በኋላ የምናየው ኢዮባርድ መሸሽ ማቆሙ፣ ከናዚዎች ጋር ተቀምጦ ቀዶ ጥገና እስከማቀድ መረጋጋቱ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለሰንጠረዡ አምስተኛ ጥያቄ ይጨመር፦ ይሸሻል ወይስ ቆሟል? ሌጀንድስ ላይ ይሸሻል። ኧርዝ ኤክስ ላይ ቆሟል።

ስለ ማንነቱ ግን ከሁላችሁም የሚቀለው መልስ ሲዝን 5 ላይ ተቀምጧል። በክፍል 22 ኃይል አፋኙ የሲካዳ ጩቤ ሲሰበር ከወደፊቱ የመጣችው የባሪ ልጅ የኖራ ዌስት አለን ታሪክ መፍረስ ይጀምራል፤ ልጅቱ ልትጠፋ ነው። የሚቀርበው ብቸኛ መዳኛ በጥላቻ ወደሚመገበው ተቃራኒ ኃይል፣ ወደ ኔጋቲቭ ስፒድ ፎርስ፣ መግባት ነው፤ የታሪክ ለውጥ እዚያ ያለውን ሰው አያገኘውም። ኖራ በጥላቻ መኖርን እምቢ ብላ ትጠፋለች። አሁን ወደ ኋላ ሂዱ። ኔጋቲቭ ስፒድ ፎርስ የማን ሥራ ነው? የኢዮባርድ። የታሪክ ለውጥ የማይነካው መጠለያ የሠራ ሰው፣ ኤዲ ሲሞት የጠፋው አካሉ ብቻ ነው። ምንጩ እዚያ ተቀምጧል፣ ትዝታውም ከነ 15 ዓመቱ። ከምንጩ በተመለሰ ቁጥር የፈለገውን ፊት ይመርጣል። ሦስተኛ ሰው አያስፈልግም።

---

ታኪዮን

ቀይ ሰማይ፣ ለዚህ የሚደግፍህ ሌላ ነገር ሲዝን 6 ክፍል 15 ነው። ከሌላ ዓለም የመጣውን የዌልስ አቻ ናሽ ዌልስን ይዞ የነበረው ኢዮባርድ ያለ አካል ነው፤ ትዝታና ቁጣ ብቻ። አካል ቢጠፋም እሱ እንደሚቀር ተከታታዩ በግልጽ አሳይቷል።

አንድ ገደብ ግን ጨምርበት። መጠለያው ነጻ ከሆነ የመጀመሪያው ሞት ለምን አስፈራው? 2015 ላይ ሲበተን የምናየው ፊት ድንጋጤ ነው። መልሱ እንደሚመስለኝ በዚያን ጊዜ ኔጋቲቭ ስፒድ ፎርስ ገና አልነበረውም፤ በታኪዮን የሚደገፍ ጎዶሎ ፍጥነት ነበር ያለው። ስለዚህ መጠለያው የተሠራው በእሱ ሰዓት ከ2015 በኋላ መሆን አለበት፣ ማለትም በትርፉ ሰውዬ። የሁለት ሰዓትን ቅርንጫፍ መጣል አትችልም፣ ያስፈልግሃል። ትርፉ ሠራው፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ግን ጊዜ ስለማይገድበው የተበተነውን ዌልስም ሰበሰበ። የኧርዝ ኤክሱ ሰውዬ የሁለቱ ድምር ነው፦ የትርፉ ፍጥነት፣ የዌልስ ትዝታና ፊት።

---

ከበሩ ጀርባ

«ድምር» የሚለው ከእስካሁኑ ሁሉ የተሻለ ነው። የቢጫ መብረቅን ፈተናም ያልፋል፤ ሊፈርስ ይችላልና። ከ2017 በኋላ ያለ ኢዮባርድ በዌልስነቱ ብቻ ሊያውቀው የሚችለውን አንድ ነገር ሳያውቅ ከተገኘ ይወድቃል። ማንም እንዲህ ያለ ትዕይንት ካለው ያምጣ።

---

ጀማሪ ተመልካች

ለውይይቱ አመሰግናለሁ። ሲዝን 1ን ብቻ ነው የጨረስኩት፣ ስፖይለሩን አውቄ ገባሁ። ሁሉንም ለማየት ጊዜ ባይኖር፣ ይህን ሰው ብቻ ለመከተል የትኞቹ ክፍሎች ይበቃሉ?

---

ቀይ ሰማይ

ተከታታዩ 184 ክፍል ነው፤ ለኢዮባርድ ብቻ ከሆነ በጣም ያንሳል። በተላለፈበት ተራ እይ እንጂ በእሱ ዕድሜ አትደርድር፤ በእሱ ዕድሜ ከጀመርክ የሲዝን 1ን ምስጢር ሁሉ ቀድሞ ይበላብሃል።

ሲዝን 1ን ስላየህ ክፍል 9፣ 15፣ 17፣ 20 እና 23ን ብቻ ከልስ። ሲዝን 2፦ 11፣ 17፣ 23። ሲዝን 3፦ ክፍል 1፣ ከዚያ ሌጀንድስ ሲዝን 2ን ከክፍል 10 እስከ መጨረሻው ገብተህ እይና ተመልሰህ የፍላሽ ሲዝን 3 ክፍል 23። ብዙ ሰው ሌጀንድስን ዘልሎ ኧርዝ ኤክስ ላይ ግራ ይጋባል፤ ሲዝን 3 ውስጥ ኢዮባርድ ከክፍል 1 በኋላ የት እንደሄደ የሚታየው እዚያ ነውና።

ኧርዝ ኤክስ በአራት ተከታታይ ድራማዎች የተከፋፈለ ነው፣ ተራው ከተዛባ ታሪኩ አይገባም፦ ሱፐርገርል ሲዝን 3፣ አሮው ሲዝን 6፣ ፍላሽ ሲዝን 4፣ ሌጀንድስ ሲዝን 3። ለማስታወስ የሚያመቸው የአራቱም ክፍል 8 መሆኑ ነው። ሲዝን 5፦ 8፣ ከ18 እስከ 22። ሲዝን 6፦ 15። ሲዝን 7፦ 18። ሲዝን 8፦ ከ1 እስከ 5፣ ከዚያ 20። ሲዝን 9፦ ከ10 እስከ 13።

---

አምደኛዋ

ስለ ጋዜጣው ማንም አላነሳም፤ ለእኔ ግን ከፊትም ከልብስም የሚበልጥ ማስረጃ እሱ ነው።

በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ዌልስ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ተነሥቶ በምስጢር ክፍሉ የሚያነበው ገጽ ቀኑ ኤፕሪል 25 ቀን 2024 ነው፤ ፍላሽ ክራይሲስ በተባለው ታላቅ አደጋ መጥፋቱን ይዘግባል። የጸሐፊዋ ስም አይሪስ ዌስት አለን መሆኑ የሚታወቀው በክፍል 20 ነው። ኢዮባርድ ይህን ጋዜጣ እንደ መለኪያ ነው የሚጠቀምበት፦ ገጹ ካልተለወጠ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው። ሲዝን 1ን እንደገና ስታዩ ባሪን የሚያስተምርበትን፣ የሚያበረታታበትን ትዕይንት ሁሉ ከዚህ ገጽ ጋር አያይዙት። ባሪ እንዲፈጥን የሚፈልገው ስለሚወደው ወይም ስለሚጠላው ብቻ አይደለም፤ 2024 ላይ ፍላሽ ከሌለ እሱ የመጣበት ዘመንም የለም።

አሁን ሲዝን 5 ክፍል 22 መጨረሻ። ኖራ ከጠፋች በኋላ ቀኑ በዓይናችን ፊት ከ2024 ወደ 2019 ይለወጣል። ብዙ አድናቂ ይህን የሞኒተር (ስለ ክራይሲስ የሚያስጠነቅቀው ኃያል ፍጡር) ሥራ ያደርገዋል። እኔ አልቀበልም። ሞኒተር በሲዝን 6 መጀመሪያ መጥቶ ዲሴምበር 10 ቀን 2019ን ይናገራል እንጂ እሱ አላመጣውም። ገጹ የተለወጠው ጩቤው በተሰበረበት ክፍል ነው፤ ያ ጩቤ 2049 ላይ የኢዮባርድን ፍጥነት ያፈነ ነበር። 2019 ላይ ሲሰበር 2049 ላይ ከደረቱ ይጠፋል፣ እስረኛው ይፈታል። የአምስት ዓመት መቅረብ የዚህ ነጻ መውጣት ዋጋ ነው። ኖራን ያሠለጠናት፣ ወደ ኋላ የላካት፣ ጩቤው እንዲሰበር ያደረገው እሱ ነው፤ ክራይሲስን ራሱ ያቀረበው ሰው ነው።

---

ቢጫ መብረቅ

እህቴ፣ እዚህ ላይ ልጨምር። ሲዝን 5 ክፍል 8 ላይ ባሪና ኖራ የአክሰለሬተሩ ፍንዳታ ሌሊት ወደ ስታር ላብስ ሲገቡ ከዌልስ መልክ ካለው ኢዮባርድ ጋር ይገናኛሉ። ያ ማለት 2049 ላይ እስር ክፍሉ ደጃፍ አንዲት ልጅ ስትመጣ ማን እንደሆነች ከ2013 ጀምሮ ያውቃል። ማስተማሩ በአጋጣሚ አልተጀመረም፤ እስክትመጣ ነው የጠበቃት። የታኪዮን «ድምር» እውነት ከሆነ ይህ ትዝታ የግድ አብሮት አለ፤ ድምር ካልሆነ ግን 2049 ላይ የታሰረው ኢዮባርድ ኖራን ሊያውቃት አይችልም።

ለመላምት አሠራር ግን አንድ ነገር ልናገር፤ ሲዝን 1 ሲተላለፍ የተሠሩትን ስናይ ትምህርት አላቸው። ያኔ ሦስት ነበሩ፦ ዌልስ ከወደፊቱ የመጣ ባሪ ነው፤ ሪቨርስ ፍላሽ ኤዲ ነው፤ ዌልስ ራሱ ኢዮባርድ ነው። ኤዲን የመረጡት ቶን የሚለውን የቤተሰብ ስም ብቻ ይዘው ነበር። በኮሚክሱ ከ1963 ጀምሮ ያለውን፣ ኢዮባርድ ቶን የሚባለውን ባላንጣ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ስም ሲሰማ ቸኮለ። የወደፊቱ ባሪ የሚሉት ደግሞ ዌልስ ለባሪ ያሳየውን አባታዊ ፍቅር ያዙ፤ ፍቅርን እንደ ማንነት ማስረጃ ወሰዱት። ሦስተኛውን የያዙት ግን ትልቁን እንቅፋት ማለፍ ነበረባቸው፦ ክፍል 9 ላይ ሪቨርስ ፍላሽ ዌልስን ይደበድበዋል፤ ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። መልሱ ክፍል 15 ላይ መጣ። ሲስኮ የወጥመዱን መረጃ እንደገና ሲመረምር የተያዘው ሰው ምስል ብቻ እንደነበር አገኘ፤ ዌልስም በሲስኮ ፊት በፍጥነት ራሱን ሁለት አድርጎ አሳየው፣ ከዚያም በሚንቀጠቀጥ እጁ ልቡን ወጋው። ትክክለኛው መላምት እንቅፋቱን ያልዘለለው ነው። በዚህ ክር ያለውንም በዚያው እንመዝን፤ የማይመቸውን ትዕይንት የሚዘል ሁሉ ይውደቅ።

---

ታኪዮን

ስለዚህ የማይመቸውን እኔው ላምጣ፦ ሲዝን 2 ክፍል 17። ባሪ ፈጣን የመሆኛውን መንገድ ለመማር ወደ ሲዝን 1 ዘመን ተመልሶ ከዌልስ ጋር ይጋጠማል። ኢዮባርድ እንግዳው ባሪ ከወደፊቱ እንደመጣ ይገባዋል። ታዲያ ይህን እያወቀ 2015 ላይ ያው እቅድ፣ ያው ስህተት፣ ያው ሞት ለምን ደረሰበት? ባሪ ሲመለስ ሃርትሊ ራታዌይ ከጠላትነት ወደ ወዳጅነት ተለውጧል፤ ትልቁ ታሪክ ግን ንቅንቅ አላለም።

የእኔ ንባብ፦ የተከታታዩ ታሪክ ትናንሽ ነገሮችን ይለቃል፣ የፍላሽን መፈጠር የሚነካውን ግን መልሶ ይገጥማል። የዌልስ እቅድ የፍላሽ መፈጠር ነው። ኢዮባርድ የቱንም ያህል ቢያውቅ እቅዱን ከለወጠ ራሱን ያጠፋል፤ በራሱ ወጥመድ ተቆልፎ ነበር። ሲዝን 2 ክፍል 11 ላይም ያው ሕግ ይሠራል፤ ወጣቱን ኢዮባርድ አስረው ሲያስቀሩት ሲስኮ ደም መፍሰስ፣ መደብዘዝ ጀመረ፤ ባሪ ሊያድነው የቻለው የእናቱን ገዳይ በገዛ እጁ ወደ ወደፊቱ በመላክ ብቻ ነው። ስፒድ ፎርስ የሚጠብቀው ማንን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ኢዮባርድን አይደለም። ፍላሽን ነው፤ ኢዮባርድ የሚተርፈው ለፍላሽ ስለሚያስፈልግ ነው።

---

ከበሩ ጀርባ

ሲዝን 8 ይህን ያጸናልሃል። በ«አርማገዶን» ክፍል 4 ባሪ 2031 ላይ ሲደርስ ቦታቸው ተለዋውጧል፦ ኢዮባርድ ፍላሽ ነው፣ አይሪስን ሊያገባ ነው፣ ባሪ ደግሞ በሁሉም ዓይን ሪቨርስ ፍላሽ ነው። ለውጡን ያደረገው ኢዮባርድ ነው፤ ሆኖም ራሱን አላጠፋም፣ «ፍላሽ» የሚባለውን ቦታ ባዶ አልተወውም፣ ራሱ ያዘው። ሕጉን ተምሯል። በክፍል 5 ባሪ ታሪኩን ሲመልስ ግን ወዲያው መደብዘዝ ጀመረ፤ ባሪም ፍጥነቱን ወስዶ ሕይወቱን አተረፈለት። ልብ በሉ፦ ከመጥፋት ያዳነው ፍጥነቱን ማጣቱ ነው። ታሪክ የሚያድነው ሪቨርስ ፍላሽን እንጂ ኢዮባርድ የሚባለውን ሰው አይደለም ማለት ነው።

---

ሁለት ሰዓት

ሰንጠረዡን እንደገና ጻፍኩት፤ አምስተኛውን ጥያቄ ጨምሬ፣ ከ2017 በኋላ ያሉትን ረድፎች «ድምር» በሚል ስር አድርጌ። ሁሉም ረድፍ ሞልቷል፤ ከአንዱ በቀር። በሲዝን 9 መጨረሻ ከሞት ተመልሶ ኮባልት ብሉ የተባለ ባላንጣ የሆነው ኤዲ ሪቨርስ ፍላሽን ከዙም፣ ከሳቪታርና ከጎድስፒድ ጋር ይጠራዋል። በሞቱ ኢዮባርድን ያጠፋው ኤዲ ነበር፤ አሁን ኤዲ ሕያው ነው። ዘሩ የተቋረጠበት ምክንያት ከተነሣ፣ የተጠራው ኢዮባርድ አሁንም መኖር የሌለበት ቅሪት ነው ወይስ እንደገና ተወልዶ የመጣ ሕጋዊ ተወላጅ? ከክፍል 10 እስከ 13 ያለውን በዚህ ዓይን እንደገና ያየ ሰው ፊቱን፣ ፍጥነቱን፣ የሚያውቀውን እያንዳንዱን ቃል እዚህ ይመዝግብ።